ለአማቴ አንድ ሪሞት

ባለቤቴ ለፋሲካ ሲመጣ ሁለት ካርቶን ይዞ መጣ። አንደኛው በጣም ትልቅ ስለነበር የግቢው ጥበቃ ከታች እየደገፈ፣ እሱ ከላይ እየጎተተ፣ በየደረጃው እያረፉ ነው ሦስተኛ ፎቅ ያደረሱት። የምንኖረው ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ቀያሽ ስለሆነ አብዛኛውን ዓመት ደቡብ ነው የሚያሳልፈው። ቤት የሚመጣው ለበዓልና እንደ ምንም ብሎ ፈቃድ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ በመጣ ቁጥር የቀረበትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማካካስ ይፈልጋል። የዚያን ጊዜ ያካካሰው በቴሌቪዥን ነበር።

ቤት ውስጥ የምንኖረው እኔ፣ ገና አንገቷን ማቅናት የጀመረች ሴት ልጃችንና አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ነን። አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብረ ማርቆስ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። የዓይን ግፊት ሁለቱንም ዓይናቸውን ቀስ በቀስ ወሰደባቸው። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ ሰው በር ላይ መቆሙንም ያውቃሉ፣ ማን እንደሆነ ግን በድምፁ ነው የሚለዩት። አማቴ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን መኖር ስላልቻሉ ባለቤቴ ሄዶ አመጣቸው። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው።

እኔና አባባ ተጣልተን አናውቅም፤ ግን አናወራም ነበር። ጠዋት «እንዴት አደሩ አባባ?» እላለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ፤ አንቺስ?» ይላሉ። ምግብ ሳቀርብ «እጅሽ ይባረክ» ይላሉ። ከዚያ በላይ ብዙ ቃል አልነበረንም። እሳቸው ባደጉበት ምራት አማቷ ፊት ቀና ብላ አትናገርም፤ እኔም ከእናቴ የወረስኩት ዓይን አፋርነት አለብኝ። በዚያ ላይ እሳቸው ቅዳሴ የማይቀርባቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ። ይህን ጉዳይ አንሥተውብኝ አያውቁም። እኔም ረቡዕና ዓርብ የጾሙን ለይቼ ስሠራላቸው አንድም ቀን አልታከተኝም። ግን ሁለታችንም እንዳንነካካው የምንጠነቀቅበት ነገር በመካከላችን ነበር።

የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ ቀኑን ሙሉ አብረን ነው የምንውለው። የምሠራው ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው፣ የሰው ጽሑፍ አራሚ ሆኜ። ዝምታ ለምጃለሁ። ያም ሆኖ የቤታችንን ዝምታ የሚሞላልን አሮጌው ቴሌቪዥን ነበር። ከኋላው ሆድ ያለው፣ ለመነሣት ጊዜ የሚወስድ ዕቃ ነው። አባባ የሪሲቨሩን ሪሞት በአውራ ጣታቸው ያውቁታል። ማለዳ ቅዳሴውን ይከፍታሉ፤ ዜና ሲደርስ ዜና ላይ ያደርጉታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በአማርኛ የሚተረጎመው የውጭ አገር ተከታታይ ድራማ ላይ። ሕፃኗ ስትተኛ ድምፁን ይቀንሳሉ። ማንንም አያስቸግሩም ነበር።

ባለቤቴ በበዓሉ ማግሥት አሮጌውን አንሥቶ ለጥበቃው ሰጠውና አዲሱን ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ከሥሩ ረዥም ጥቁር ስፒከር አስቀመጠ። ሪሲቨሩንም በአዲስ ቀየረው። ሲጨርስ ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ መጥተው አዩት። ድምፁ ሲለቀቅ ብርጭቆ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። አባባም ፈገግ ብለው «ከበሮው ደረቴ ላይ ነው የሚመታው» አሉ። ባለቤቴ በጣም ደስ አለው። ሦስቱን ሪሞቶች ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደርድሮ አሳየኝ፤ ይሄ የቴሌቪዥኑ፣ ይሄ የሪሲቨሩ፣ ይሄ የስፒከሩ። በማግሥቱ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አንድ ነገር እንደተበላሸ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። አዲሱ ዕቃ እንደ ድሮው በአንድ ቁልፍ አይነሣም። ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ ሪሲቨሩም ለብቻው ይከፈታል፣ ስፒከሩም እንደዚያው። ያ ሁሉ ተከፍቶ እንኳን ቴሌቪዥኑ የትኛውን ቀዳዳ እንደሚያዳምጥ ካልተነገረው ጥቁር ሆኖ ይቀመጣል። ለእኔ ጥቁር መሆኑ ይታየኛል። ለአባባ ግን የተዘጋውም፣ የተሳሳተ ቦታ ላይ የቆመውም፣ ተከፍቶ ድምፅ ያጣውም ያው አንድ ዝምታ ነው።

ልጄን ክትባት አስከትቤ ከጤና ጣቢያ ስመለስ አባባን ሶፋው ላይ ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አድርገው አገኘኋቸው። ቴሌቪዥኑ ላይ «ምንም አልተገኘም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከጥግ ጥግ ይንሸራተታል። ሪሞቶቹ ሦስቱም ጭናቸው ላይ ናቸው።

«አባባ፣ ልክፈትልዎት?»

«አይ ልጄ፣ ልረፍ ብዬ ነው። ጆሮም ይደክማል።»

አመንኳቸው። እሳቸው ደክሞኛል ካሉ ደክሟቸው ነው ብዬ ልጄን ላስተኛ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ ቅዳሴውን እኔው እየከፈትኩላቸው ወደ ቤት ሥራዬ እገባ ጀመር፤ እሳቸውም «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ይሉኛል። ግን የድራማው ሰዓት ሲደርስ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ቀን እኔ ባኞ ቤት ልብስ እያጠብኩ፣ ልጄ ተኝታ ሳለ ነው። ዜናው አልቆ ማስታወቂያ ገባ። ማስታወቂያ ሁልጊዜ ከዜናው በላይ ይጮኻል፤ በአዲሱ ስፒከር ደግሞ እንደ ሠርግ ቤት ነው። ሕፃኗ ደንግጣ ጮኸች። እጄን ሳላደርቅ ሮጬ ስወጣ አባባ ቆመዋል። አንዱን ሪሞት ተጭነው ሌላውን ያነሣሉ። ድምፅ እንዲቀንስ የሚጫኑት የሪሲቨሩን ሪሞት ነው፤ ድምፁን የያዘው ግን ስፒከሩ ስለሆነ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ግድግዳውን እየዳበሱ ሄደው ሶኬቱን ነቀሉት። ቤቱ ጭጭ አለ፤ የልጄ ለቅሶ ብቻ ቀረ።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉ፣ ሶኬቱን በእጃቸው እንደያዙ። «ሕፃኗን አስደነገጥኳት።»

«ምንም አይደለም አባባ፣ አሁን ዝም ትላለች።»

ዝም አለችም። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቴሌቪዥኑን በእጃቸው አልነኩም። ቅዳሴውን ስከፍትላቸው ያዳምጡና ሲያልቅ «ዝጊው ልጄ» ይላሉ። ከዚያ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዘው ቀስ እያሉ ወርደው ከጥበቃዎቹ ጋር በር ላይ ይውላሉ። መውጣታቸው ባልከፋ፤ ግን ደረጃው ጠባብ ነው፣ ልጆችም እየሮጡ ይወርዱበታል። ተመልሰው በሩን እስኪከፍቱ ልቤ ተንጠልጥሎ ይቆያል።

ለባለቤቴ ደወልኩለት። የሚሠራበት ቦታ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ በጩኸት ነው የምናወራው።

«አባባ ቴሌቪዥኑን መክፈት አልቻሉም!»

«ቀላል እኮ ነው! መጀመሪያ የቲቪውን፣ ከዚያ የሪሲቨሩን…»

«ለአንተ ነው ቀላል! አይታያቸውም'ኮ!»

«በቃ ተይው፣ ስመጣ አንድ ነገር እናደርጋለን። እስከዚያ ራዲዮ ግዢለት።»

ራዲዮ ልግዛልዎት ወይ ብዬ አባባን ጠየቅኳቸው። «ራዲዮ ጥሩ ነው» አሉ። አባባ የማይወዱትን ነገር «ጥሩ ነው» የሚሉበት አነጋገር አላቸው፤ ምን ዓይነት እንደሆነ አብሯቸው የኖረ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ እንደ ቀልድ አድርገው፣ «ያቺ ልጅ ግን አባቷ ማን እንደሆነ አወቀች ይሆን?» አሉ።

የቷ ልጅ እንደሆነች ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብኝም። የድራማዋ ልጅ ናት። እኔም ኩሽና በር ላይ ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስከታተላት ነበር የከረምኩት፤ እሳቸው ታች መዋል ከጀመሩ በኋላም አልተውኩም። እሳቸው ሶፋው ላይ፣ እኔ ከኋላቸው፣ አንድ ዓይነት ታሪክ ስንከታተል ከርመን አንዳችንም ቃል አልተነፈስንም።

«ገና አላወቀችም» አልኩ። «ግን አክስቷ እነግራታለሁ እያለች ነው።»

አባባ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «አንቺም ታዪያለሽ?»

«አያለሁ፣ አባባ።»

«እሰይ!» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጄን አዝዬ፣ የቴሌቪዥኑን ጀርባና የዕቃዎቹን ገመዶች በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ታክሲ ተሳፈርኩ።

ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ሚኒባሶቹ ከሚዞሩበት አለፍ ብሎ፣ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር የሚጠግን ሰው አለ። ሱቁ ከመጥበቡ የተነሣ ደንበኛ ውጭ ቆሞ ነው የሚያናግረው። ፎቶዎቹን እያሰፋ አየ።

«ምኑ ነው የተበላሸው?» አለኝ።

«ምንም አልተበላሸም። አማቴ ዓይናቸው አያይም። ሦስቱንም በአንድ ሪሞት መክፈትና መዝጋት ይቻል እንደሆነ ነው።»

የተበላሸ ነገር ይዞ ሳይመጣ የሚጠይቀው ሰው ብዙም ሳይገጥመው አልቀረም፤ ሥራውን አስቀምጦ በደንብ አስረዳኝ። አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች አብረዋቸው የተገናኙትን ዕቃዎች ማዘዝ ይችላሉ፤ ትእዛዙ የሚሄደው በዚያው ምስል በሚያመላልሰው ጠፍጣፋ ኬብል ውስጥ ነው። ባለቤቴ ግን ስፒከሩን ያገናኘው በሌላ ዓይነት ቀጭን ገመድ ነው፤ በእሱ ድምፅ እንጂ ትእዛዝ አይሄድም። «ይህን ኬብል ትወስጂና፣ አጠገቡ ኤ-አር-ሲ የሚል የተጻፈበትን ቀዳዳ ፈልገሽ ትሰኪያለሽ። ሌላ ቀዳዳ ላይ ከሰካሽው ስፒከሩ አይሰማም። ከዚያ ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ የተገናኙ ዕቃዎች ቁጥጥር የሚለውን ትከፍቻለሽ። ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው።»

«ሪሲቨሩስ?»

«እሱን እንኳን አላውቅም። አንዳንዱ ይታዘዛል፣ አንዳንዱ አይታዘዝም። ሞክሪው።»

በማግሥቱ ልጄ ጠግባ ከተኛች በኋላ ሥራ ጀመርን። ጀመርን የምለው ብቻዬን የምሠራ መስሎኝ ሳለ አባባ ከሶፋው ተነሥተው መጥተው «እኔ ምን ልያዝ?» ስላሉኝ ነው። የኬብሉን አንድ ጫፍ ስፒከሩ ላይ ሰክቼ ሌላውን ሰጠኋቸው። ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱት፤ በአንድ በኩል ሰፋ፣ በሌላው ጠበብ ያለ መሆኑን ለዩ።

ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ስለተሰቀለ ከጀርባው ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። የእኔ እጅ አልገባ አለ። ስልኬን አሾልኬ ፎቶ አነሣሁና ቀዳዳዎቹን አየሁ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፣ አንዱ ለብቻው ወደ ታች ይመለከታል። የአባባ እጅ ቀጭን ነው። «እስቲ እኔ ልሞክር» ብለው እጃቸውን ሰደዱት። ትከሻችን ተነካካ። በሌላ ቀን ቢሆን ሁለታችንም ፈቀቅ እንል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሥራ ላይ ነን።

«ሁለቱን አገኘኋቸው» አሉ። «በየትኛው?»

«በግራው ይመስለኛል፣ አባባ። ጽሑፉ በደንብ አይታይም።»

ሰኩት። ከፈትኩ። ስፒከሩ ጭጭ። ሌላ ፎቶ አነሣሁ፤ ይህንኛው ጠራ ብሎ ወጣ። ኤ-አር-ሲ የሚለው ለካ ወደ ታች ከሚመለከተው አጠገብ ነው። «አባባ፣ ተሳስቻለሁ፤ ከታች ያለው ነው።» ነቅለው ወደ ታች ወሰዱት፣ ጫፉን አገላብጠው፣ እየዳበሱ ገፉት። ሲገባ ትንሽ ቀጭ አለ። «ገብቷል» አሉ፣ እኔ ገና ሳልጠይቃቸው።

ሴቲንጉ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ያዳምጣሉ።

«የሥዕል ማስተካከያ ይላል… አይደለም። የድምፅ… አይደለም። አጠቃላይ… እዚህ ውስጥ መሆን አለበት። አገኘሁት! ‹የተገናኙ ዕቃዎችን ተቆጣጠር›። ‹ይከፈት ወይስ ይዘጋ› ይላል።»

«ይከፈታ!»

ከፈትኩት። ከሥሩ ‹ዕቃዎችን ፈልግ› የሚል አለ። ተጫንኩ። ትንሽ ክብ ነገር መዞር ጀመረች።

«ምን ይላል?»

«እየፈለገ ነው… ስፒከሩን አገኘሁ አለ!»

«ሪሲቨሩንስ?»

«ሪሲቨሩን አላገኘውም።»

ደግመን አስፈለግነው። አላገኘም። ጠጋኙ የነገረኝ ትዝ አለኝና ምናልባት ይሄኛው ከማይታዘዙት ነው ብዬ አዘንኩ። ሪሲቨሩ ካልታዘዘ ደግሞ ዋናው ነገር የለም፤ ቅዳሴውም፣ ዜናውም፣ ድራማውም እሱ ውስጥ ነው። አባባ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው «ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ የመጣ ከሆነ እሱም ተዘግቶ መጥቶ ይሆናላ» አሉ። ነገሩ እውነት መሆን እንደሚችል አሰብኩና የሪሲቨሩን የራሱን ሪሞት አንሥቼ ወደ ሪሲቨሩ ሴቲንግ ገባሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ የልጆች መቆለፊያና ሰዓት ማስተካከያ ከሚሉት በታች፣ ያ ቁጥጥር የሚለው ነገር ተቀምጧል። ተዘግቷል።

ከፈትኩት። ወደ ቴሌቪዥኑ ተመልሼ እንደገና አስፈለግሁት።

«ሁለቱንም አገኘ፣ አባባ! ሁለቱም ተጽፈዋል!»

«እስቲ ዝጊው።»

የቴሌቪዥኑን ሪሞት ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። ሁሉም ጠፋ። የሪሲቨሩ አረንጓዴ መብራት ቀይ ሆነ፤ የስፒከሩም ዓይን ከሰመ።

«አሁን ክፈቺው።»

ሪሞቱን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። «እርስዎ ይክፈቱት።»

ጥግ ላይ ያለውን ቁልፍ ፈልገው ተጫኑ። መጀመሪያ ስፒከሩ ያቺን አጭር የመነሻ ዜማውን አሰማ። ቀጥሎ ምስሉ መጣ። ከዚያ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ የአንድ ሰው ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ስለ ስንዴ ማዳበሪያ ያወራል። አባባ ስለ ማዳበሪያ በዚያን ያህል ደስታ ሲያዳምጡ ያየ ሰው ጡረታቸውን ትተው እርሻ ሊገቡ ነው ይል ነበር። «አንድ ላይ ተነሡ! ሁሉም አንድ ላይ!» እያሉ ዘጉት፤ ከፈቱት፤ ዘጉት። ድምፁን ቀነሱ፣ ጨመሩ፤ ስፒከሩ ታዘዘ። ጣቢያ ቀየሩ፤ ሪሲቨሩ ታዘዘ። ልጄ ነቅታ ከመኝታ ቤት ስትጣራ እንኳን ለጊዜው አልሰማናትም።

አንድ ችግር ቀረ። የአዲሱ ሪሞት ቁልፎች ለስላሳ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው በጣት አይለይም። ምልክት እናድርግበት ተባለ። እኔ ፕላስተር አልኩ፤ አባባ «ፕላስተር ይላጣል» አሉና ክር እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ወፍራም ክር ከነመርፌው ሁልጊዜ ከጋቢያቸው ሥር የሚያስቀምጡት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ አለ። ክሩን የድምፁ ቁልፍና የጣቢያው ቁልፍ በሚለያዩበት ቦታ ላይ ሪሞቱን ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ጠምጥመው አጥብቀው ቋጠሩት። ቋጠሮው ላይ ጠብታ ሙጫ አደረግሁበት። አውራ ጣት ክሩ ላይ ሲያርፍ ከላይ ድምፅ፣ ከታች ጣቢያ ማለት ነው። የቀሩትን ሁለት ሪሞቶች ባትሪያቸውን አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው።

ሁሉ ነገር ግን በአንድ ቀን አልተስተካከለም። በማግሥቱ ጠዋት መብራት ጠፋ። ሲመጣ እኔ መኝታ ቤት ልጄን እያጠባሁ ነበር። አባባ ቴሌቪዥኑን ከፈቱ፤ የስፒከሩ ዜማ ተሰማኝ፤ ከዚያ ምንም። አሁን ደግሞ ብረቱን ይዘው ደረጃ ሊወርዱ ነው ብዬ ሳስብ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ልጄ! ነይ እስቲ፣ ይሄ ነገር ዝም አለኝ!»

በዚያ ቤት አብረን በኖርንበት ጊዜ ሁሉ አባባ «ነይ» ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። ውኃ እንኳን ሲፈልጉ ተነሥተው እየዳበሱ ይቀዱ ነበር። ልጄን ጡት እንደያዘች ታቅፌ ስመጣ ፊቴ ላይ የነበረውን ፈገግታ ባለማየታቸው በጀኝ፤ ሌላ ሰው ቢያየኝ ሎተሪ የወጣላት ናት ይል ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ቴሌቪዥኑ መብራት ሲጠፋበት ወደ ራሱ ዋና ገጽ ይመለሳል። ሲከፈት በመጨረሻ የነበረበት ላይ እንዲነሣ የሚያደርግ ማስተካከያ አገኘሁና አደረግሁለት። አልፎ አልፎ እስካሁንም ይስታል። ሲስት ይጠሩኛል።

ሪሞቱ በአባባ እጅ ከገባ በኋላ ቤቱ ቀስ በቀስ ተቀየረ። ሕፃኗ ማንቀላፋት ስትጀምር ትንፋሿን ሰምተው ድምፁን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኔ ገና ሳላስተውል። የቅዳሴያቸው ሰዓት ሲያልቅ «ያንቺን ልክፈትልሽ?» ብለው የእኛን መዝሙር የሚያሰማውን ጣቢያ የከፈቱልኝ ቀን እጄ ዱቄት ውስጥ ነበር። ጣቢያውን እኔ አላሳየኋቸውም። እየፈለጉ ነው ያገኙት። «ድምፃቸው ያምራል» አሉ። ይሄኛው የእውነቱ ነበር።

ድራማውንም አብረን ተቀምጠን ማየት ጀመርን። ከኩሽና በር ወደ ሶፋው ተዛወርኩ። አባባ ንግግሩን በሙሉ ከእኔ በላይ ይከታተላሉ፤ ማን ለማን ምን እንዳለ አይረሱም። ችግራቸው ሰዎቹ ዝም ሲሉ ነው። እነዚህ ድራማዎች ደግሞ ዝምታ ይወዳሉ፤ ሰው በሩ ላይ ይቆማል፣ ይተያያል፣ ሙዚቃ ይጫወታል፣ ከዚያ ማስታወቂያ ይገባል።

«አሁን ምን እያደረጉ ነው?»

«ደብዳቤውን እሳት ላይ ጣለችው።»

«አይ አለማወቅ! አይታዋለች ሳትጥለው በፊት?»

«አላየችም፤ ዓይኗን ጨፍና ነው።»

«ምን ለብሳለች?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ «ቀሚስ» እል ነበር። አባባ በቀሚስ አይረኩም። ክንዱ እንዴት ነው፣ ወገቡ ላይ ተቆርጧል ወይ፣ ጨርቁ ይከብዳል ወይስ ይንሳፈፋል። እያደር እኔም ልብስ ማየት ተማርኩ። አንድ ቀን የባለጸጋውን ሚስት ካፖርት ስገልጽላቸው «ውሸት ነው፣ እንዲህ ያለ ኮሌታ በዚያ ዓይነት ጨርቅ አይቆምም» ብለው ተከራከሩኝ፤ ተነሥቼ ቴሌቪዥኑ ድረስ ቀርቤ አየሁት፤ ኮሌታው በእርግጥ ቆሟል። «እንግዲህ የእነሱ አገር ሰፊ ጎበዝ ነው» ብለው ተሸነፉ።

ባለቤቴ ክረምቱ ሲገባ ሥራው ቀዝቅዞ መጣ። ሻንጣውን እንዳስቀመጠ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። «ሪሞቶቹ የት ሄዱ?»

«ተቀመጥ» አሉት አባቱ። «ምን ልክፈትልህ?»

ኳስ ፈለገ። አባባ ኳሱን ከፈቱለት፤ ድምፁን እንዲያው ከፍ አድርገውለት፣ ሕፃኗ መንቃቷን ሲሰሙ መልሰው ዝቅ አደረጉበት። ባለቤቴ አንድ ጊዜ አባቱን፣ አንድ ጊዜ እኔን ያያል። ኋላ ላይ ኩሽና ገብቶ «እንዴት አድርገሽው ነው?» አለኝ። ከአባቱ ጋር እንደሠራነው፣ ገመዱን የሰኩት እሳቸው እንደሆኑ ነገርኩት። «አባባ እኮ ከእናቴ ጋር ካልሆነ ከማንም ጋር እንዲህ ሲያወራ አይቼው አላውቅም» አለ። ከዚያ ተመልሶ ሄዶ ካባቱ አጠገብ ተቀመጠና ማን ኳስ እንደያዘ ይነግራቸው ጀመር። አባባ «ተወኝ፣ ሰውየው ራሱ እየነገረኝ ነው» አሉት።

ፈቃዴ አልቆ ወደ ማተሚያ ቤት ስመለስ ልጄን የምትይዝልኝ አንዲት ዘነበወርቅ የምትኖር ጥሩ ሴት አገኘሁ። ድራማውን ማየት ግን አልተመቸኝም፤ በሚተላለፍበት ሰዓት እኔ የሰው ጽሑፍ እያረምኩ ነኝ። ሴትየዋ ደግሞ ድራማ አትወድም፤ በዚያን ሰዓት ልጄን ይዛ ፀሐይ ታስመታታለች። ስለዚህ አሁን አባባ ብቻቸውን ይከታተላሉ። ማታ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ይጀምሩልኛል፤ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ አክስቲቱ ምን ዋሸች። የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ እያስመሰሉ ነው የሚተርኩት፤ የባለጸጋውን ድምፅ ሲያወጡ ልጄ ትስቃለች።

ትናንት ማታም እንደዚያው ሲነግሩኝ ቆይተው የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ አቆሙ።

«ከዚያ ልጅቷ በሩን ከፈተች። ከዚያ ሙዚቃ ብቻ ነው። ብዙ ቆየ። ከዚያ አለቀ።»

«በሩ ላይ ማን ነበር?»

«እኔማ ምን አውቄ።» ልጄን ጭናቸው ላይ አስተካክለው አስቀመጧት። «አንቺ ማን ይመስልሻል?»

«አባቷ ነው» አልኩ።

«አባቷ ቢሆን ትጮህ ነበር፤ አልጮኸችም።»

«እንግዲያው ያ ሐኪሙ ነዋ።»

«ሐኪሙ ሲመጣ የሚጫወተው ሙዚቃ ሌላ ነው» አሉኝ። «ይሄኛው ከዚህ በፊት ተሰምቶ አያውቅም። አዲስ ሰው ነው የመጣው።»

እራት እስኪደርስ ድረስ ማን ሊሆን እንደሚችል ስንገምት ቆየን።